«አታስለምጂብን» ለሚሉን፣ ሰምተውም ዝም ለሚሉ

ይድረስ፦ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ሆስፒታሎች ለምትሠሩ የነርሲንግ አገልግሎት ኃላፊዎች፣ ለዋርድ ኃላፊዎችና ለሥራ ባልደረቦቻችን በሙሉ

ጉዳዩ፦ አልጋ አጠገብ ስለሚሰጥ እንክብካቤና በእርሱ ሰበብ ስለሚሰነዘር ትችት

ይህን ደብዳቤ ያጻፈን አንድ ቃል ነው። «አታስለምጂብን» ይላል፤ ለወንዱ ሲሆን «አታስለምድብን»። አንዲት ነርስ የበሽተኛዋን ትራስ አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ የምትለውን ሰምታ፣ እጇን ይዛ ሁለት ደቂቃ ከቆየች፣ ወደ ነርሶች ጠረጴዛ ስትመለስ የሚጠብቃት ይኸው ነው። ትርጉሙ ለማንም አይጠፋም፤ አንቺ ዛሬ ያደረግሽውን ነገ ከእኛ ትጠብቃለች ማለት ነው። ዘመዶቹም ብዙ ናቸው፦ «ለታይታ ነው»፣ «አዲስ ስለሆነች ነው፤ ቆይታ ትተወዋለች»፣ «ስሜታዊ ናት»፣ «ከስታፍ ይልቅ ከአስታማሚ ጋር ነው የምትውለው»።

ይህ ሁሉ እዚያው ጠረጴዛው ዙሪያ ተነግሮ ቢቀር ደብዳቤ ባላስፈለገን ነበር። ግን አይቀርም። በሽተኛዋ ሕመሙ ሲጠናባት ሌላዋን ነርስ ስትጠራ «ያቺ የምትወጂያት ስትገባ ጠይቂያት» ትባላለች። ይህን የሰማች ሴት ዳግመኛ አትጠራም። እስከሚቀጥለው ዱቲ (የሥራ ተራ) ጥርሷን ነክሳ ትቆያለች፤ የማስታገሻው ሰዓት ያልፋል፤ ሕመሙ ስለያዛት በጥልቀት አትተነፍስም፣ አትገላበጥም፣ አትስልም። ሆዱን የተከፈተ ሰው በጥልቀት ካልተነፈሰና አክታውን ካላወጣ ሳንባው ሥር ይታፈንና ለሳንባ ምች ይጋለጣል። በባልደረባ ላይ የተወረወረ ቃል ዞሮ የሚያርፈው በሽተኛ ላይ ነው ስንል ይህን ማለታችን ነው።

በተኝቶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ያለውን የሥራ ጫና እናውቀዋለን። ጊዜ የለም የሚለው አቤቱታ እውነት ነው፤ አንከራከርበትም። የምንከራከረው አልጋ አጠገብ መቆየት ከሥራው ውጪ የሚደረግ ትርፍ ደግነት ተደርጎ ስለሚታይ ነው። ትርፍ ነገር አይደለም። በመደበኛ ሥራችን ውስጥ ከአልጋው አጠገብ ንቅንቅ እንዳንል የሚያስገድዱ ደቂቃዎች አሉ፤ ጥያቄው በእነዚያ ደቂቃዎች ምን እናደርጋለን ነው።

ትንፋሽ መቁጠርን እንውሰድ። የአተነፋፈስ ቁጥር አንድ ሙሉ ደቂቃ መቆጠር አለበት። በስንቱ ቻርት (የበሽተኛ መከታተያ ወረቀት) ላይ ግን ከላይ እስከ ታች 20፣ 20፣ 20 ተብሎ ተሞልቶ እናገኛለን፤ እንዴት እንደተሞላም ሁላችንም እናውቃለን። አቆጣጠሩ እንዲህ ነው፦ የእጅ አንጓ ይያዛል፣ መጀመሪያ የልብ ምት ይቆጠራል፣ ከዚያ እጁ ሳይለቀቅ ዓይን ብቻ ወደ ደረት ወይም ወደ ጋቢው ከፍታ ዝቅታ ይዞራል። እጁ የማይለቀቀው ምክንያት አለው። ትንፋሼ እየተቆጠረ ነው ብሎ ያሰበ ሰው ሳያውቀው አተነፋፈሱን ይለውጣል፤ እጁ እንደተያዘ ከቀጠለ ግን አሁንም የልብ ምት እየተቆጠረ ይመስለዋል። እንግዲህ በሽተኛው «እጄን ይዛ አጽናናችኝ» ብሎ የሚያስታውሳት ደቂቃና ትክክለኛው ቁጥር የተገኘባት ደቂቃ አንድ ናት። ዐዋቂ ሰው ዐርፎ ሲተኛ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊቱ ደኅና ቢሆን እንኳ ሐኪም ወዲያውኑ ይጠራል፤ ሰውነት ሲዳከም ትንፋሽ ቀድሞ ይፈጥናል፣ ግፊት የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነውና። «ጊዜዋን አባከነች» የተባለች ነርስ ይህን ቁጥር ይዛ ከመጣች ያባከነችው ምንድን ነው?

ሴፍትሪያክሶን የተባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም እንዲሁ ነው። 1 ግራሙ በ10 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ ተበጥብጦ በደም ሥር ሲሰጥ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ይፈልጋል። በ20 ሰከንድ ሲገፋ ሥሩን ያቃጥላል፣ ክንዱ ይቀላል፣ ካኑላው (ሥሩ ውስጥ የሚቀመጠው ቱቦ) በማግስቱ ይበላሻል፤ ከዚያ አዲስ ሥር ፍለጋ 15 ደቂቃ ይሄዳል፣ በሽተኛውም ሁለተኛ ይወጋል። (ሪንገር ላክቴት የተባለው ፈሳሽ በሚወርድበት መስመር አብሮ እንደማይሰጥም እግረ መንገዳችንን እናስታውስ፤ ካልሲየም ስላለበት ከመድኃኒቱ ጋር ይረጋል።) በእነዚያ 3 ደቂቃዎች አፍ ሥራ የለውም። «ሌሊቱ እንዴት አለፈ? ምን በሉ? ምን አሳሰበዎት?» ለማለት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አናውቅም።

ደም ሲሰጥ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ነርሷ ከአልጋው አትርቅም። ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ የወገብ ሕመም፣ ማሳከክ፣ ወይም በሽተኛው ራሱ «ልቤን ፍርሃት ፍርሃት አለው» ካለ ደሙ ይቆማል፤ መስመሩ በአዲስ ቱቦ በኖርማል ሳላይን (በጨው ውኃ) ክፍት ይጠበቃል፤ ሐኪም ይጠራል፤ ከረጢቱ አይጣልም፣ ወደ ደም ባንክ ይመለሳል። ይህ «ልቤን ፍርሃት አለው» የሚለው ቃል በየትኛውም መሣሪያ አይለካም። የሚሰማው አጠገቡ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ሁልጊዜም ማውራት አለብን እያልን አይደለም። የደም ግፊት ከመለካቱ በፊት በሽተኛው 5 ደቂቃ ያርፋል፤ ሲለካም አያወራም፣ እኛም አናናግረውም፤ ንግግር ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋልና። ክንዱ በልብ ትክክል ተደግፎ ዝም ተብሎ ይጠበቃል። እዚያ ላይ ወሬ የምትጀምር ነርስ ብትወቀስ ወቀሳው ተገቢ ነው።

አሁን በጥልቀት ልናነሣው ወደምንፈልገው ነገር እንምጣ፤ አልጋ አጠገብ ቁጭ ያለ ሰው ምን ያገኛል?

ውኃ የማትጠጣዋን በሽተኛ እናስብ። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ መጠጣት ተፈቅዶላታል። ጠዋት የተቀዳው ብርጭቆ ማታም እንደሞላ ነው። ቻርቱ ላይ «አወሳሰዷ አነስተኛ» ተብሎ ይጻፋል፤ ራውንድ (የሐኪሞች ጉብኝት) ላይ «ጠጪ እንጂ» ትባላለች፤ አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ብርጭቆው እዚያው ይውላል። ሽንቷ ይጠቁራል። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሽናት ሲገባት ከዚያ በታች ይወርዳል። ሆዷ ይደርቃል። ተነቅሎ የነበረው ግሉኮስ ተመልሶ ይሰቀላል። ማንም ያልጠየቃት አንድ ነገር ግን አለ፦ ለምን?

ከጎኗ ቁጭ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለጠየቃት ትናገራለች። ከጠጣች ሽንት ይመጣል። ሽንት ከመጣ ቤድፓን (አልጋ ላይ የሚሸኑበት ዕቃ) መጠየቅ አለባት። በቀጣዩ አልጋ የሌላዋ በሽተኛ ባልና ወንድም ተቀምጠዋል፤ መጋረጃ የለም፤ ቢኖርም ግማሹ ተቀዷል። ባለፈው ጊዜ ስትጠይቅ «ቤድፓን ለአልጋ 7!» ተብሎ ከበር ጮኸው ነግረውባታል። ስለዚህ በጥማት መቆየትን መረጠች። መፍትሔው ከመድኃኒት ቤት አይመጣም፦ ስክሪን (ተንቀሳቃሽ መከለያ) ከሌላ ክፍል መዋስ፣ ያም ካልተገኘ ሁለት አስታማሚ ሴቶች አንሶላ ዘርግተው እንዲይዙ ማድረግ፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ወንድ አስታማሚዎችን ለ10 ደቂቃ ከክፍሉ ማስወጣት፤ ቤድፓኑን በለብ ያለ ውኃ አለቅልቆ ማቅረብ፤ ከእርሱም ጋር ለመታጠቢያ ውኃ በጆግ። ይህ የመጨረሻው በጅማ ቀላል ነገር አይደለም። ከሶላቷ በፊት በውኃ መንጻት ያለባት ሙስሊም እናት ያለ ውኃ ቤድፓን ብትሰጧት አልሰጣችኋትም። እነዚህ ሁሉ ሲሟሉ ብርጭቆው ራሱ ይጎድላል።

ይህን ያገኘችው ነርስ 4 ደቂቃ ፈጀች እንበል። ዳግመኛ ካኑላ ለማስገባት፣ ግሉኮስ ለመስቀልና ለሆድ ድርቀቱ መድኃኒት ለማሳዘዝ የሚሄደውን ጊዜ ደምሩና አወዳድሩ።

ስለ ስም አንድ ነገር እንበል። «አልጋ 7» ስም አይደለም። እድሜ ጠገብ ሰውን «አንተ» ማለትም በዚህ አገር ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ማቁሰል ነው። ሲገቡ አስታማሚውን «አባትህን ሰፈር ምን ብለው ነው የሚጠሯቸው?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይወስድም፤ ሐጂ ይሁኑ፣ ኦቦ ይሁኑ፣ ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ በዚያው መጥራት ነው። ነገሩ ግን ከአክብሮትም ያልፋል። የአልጋ ቁጥር የበሽተኛ መለያ ሆኖ አያገለግልም። ሌሊት አንዱ ወደ መስኮቱ ይዛወራል፣ ሌላው ቦታውን ይይዛል፤ በጠዋት «የአልጋ 7» ተብሎ የተዘጋጀው መርፌ ለሌላ ሰው ይሄዳል። ከመርፌ በፊት ሙሉ ስምና የካርድ ቁጥር፣ ሁለቱም ይመሳከራሉ። ስሙንም «እርስዎ ከበደ ነዎት?» ብለን አንጠይቅም፤ የደከመ ሰው ሁሉንም «አዎ» ይላል። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» ነው የሚባለው።

ቋንቋም አለ። ወደ ጅማ የሚመጣው ሰው ከአጋሮና ከሊሙ ብቻ አይደለም፤ ከቦንጋ፣ ከተርጫ፣ ከሚዛን፣ ከየም ይመጣል። አፋን ኦሮሞ የማይችል ነርስ ቢያንስ «ኤሳቱ ሲ ዹኩባ?» ብሎ የት እንዳመመ መጠየቅን ይማር። ከዜሮ እስከ ዐሥር የሚለው የሕመም መለኪያ ለብዙ አዛውንት አይሠራም፤ «ምንም፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ከባድ» የሚለው ይገባቸዋል፣ እርሱም ተቀባይነት ያለው መለኪያ ነው። በአስታማሚ ማስተርጎም ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም ስለ ማኅፀን ደም የጠየቅነው ነገር መልሱ ሁሌም «ደኅና ነኝ ትላለች» ይሆናል። እናትየው አልዋሸችም፤ ልጁ አልጠየቃትም። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ቋንቋውን የምትችል ሴት ባልደረባ ትፈለግ።

«ከአስታማሚ ጋር ነው የምትውለው» ለሚለው መልሳችን አጭር ነው። በእኛ ዋርዶች በሽተኛውን የሚያጎርሰው፣ የሚያጥበው፣ የሚያገላብጠው፣ መድኃኒት ገዝቶ የሚመጣው በአብዛኛው አስታማሚው ነው። ያልተማረ አስታማሚ ደግሞ በፍቅር ይጎዳል። በአፍንጫ ቱቦ የሚመገብን ሰው በጀርባው አስተኝቶ ወተት ይለቅበታል፤ ወተቱ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ብሎ፣ ከምግብ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዳለ መቆየት አለበት። መንቀሳቀስ የማይችለውን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ተረከዙን ከፍራሹ ማንሣት፣ መቀመጫው ላይ የቀላ ቦታ ካለ በጣት ተጭኖ ማየት፤ ሲጫኑት ነጣ ካላለ ቁስል ጀምሯል። ይህ በአንድ ጊዜ ንግግር አይገባም። አሳይቶ «እስኪ አንቺ አሳዪኝ» ማለት ያስፈልጋል። ከአስታማሚ ጋር የዋለችው ነርስ ስታስተምር ነው የዋለችው።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ ከሚሰነዘሩብን ትችቶች መካከል ትክክለኛ የሆኑም እንዳሉ በግልጽ መናገር አለብን። ርኅራኄ ሲሳሳት ይገድላል።

ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው «ጉሮሮዬ ደረቀ» ሲል አንጀቷ አልችል ብሎ ወተት ወይም ሻይ በዳቦ የሰጠች ነርስ አደጋ ፈጥራለች። ከማደንዘዣ በፊት ከጠጣር ምግብና ከወተት ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ይጾማል። ለእርሱ የሚደረገው ርኅራኄ ከንፈሩን በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ (ጎዝ) ማራስና ተራው ለምን እንደዘገየ ሄዶ ጠይቆ መንገር ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ለነገ ከተዛወረ ደግሞ በር ላይ ሳይረሳ ወዲያውኑ እንዲበላ ማድረግ። በረመዳን ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው «እጾማለሁ» ሲል «አላህ ይርዳዎት» ብሎ ማለፍ ደግ ይመስላል፤ የሚገባው ግን ለሐኪሙ ወዲያው ማሳወቅና የስኳር መውረድ ምልክቶችን፣ ማለትም ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገርን፣ ለእርሱም ለቤተሰቡም ማስረዳት ነው። «ምንም አይሆኑም፣ ይድናሉ» ብሎ ተስፋ መስጠት፣ ሐኪም ያልነገረውን ውጤት ቀድሞ መንገር፣ ከኪስ አውጥቶ ለአንዱ መድኃኒት መግዛትና ከጎኑ ያለውን ማለፍ፤ እነዚህም የሚያስወቅሱ ናቸው። ገንዘብ የሌለው በሽተኛ በጤና መድህን አባልነቱ ወይም በነፃ ሕክምና ማስረጃ በኩል እንዲታገዝ ቤተሰቡን ወደሚመለከተው ክፍል ማድረስ ነው ያለብን። ከሁሉም የሚብሰው ከአንድ አልጋ አጠገብ 40 ደቂቃ መቆየትና የሌሎቹን የ4 ሰዓት መርፌ ለባልደረባ መተው ነው። ያቺ ባልደረባ ብትቆጣ ክፉ ስለሆነች አይደለም። ሁለት ሰው የሚሠራውን ብቻዋን ሠርታለች።

ቁጣው ከሌላም ቦታ ይመነጫል። ጓንት ሲጠፋ፣ መድኃኒት «የለም» ሲባል፣ የቤተሰቡ ምሬት የሚወርደው አልጋው አጠገብ በተገኘው ነርስ ላይ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎች መራቅን ለመዱ። ብዙ ሞት ያየ ሰውም ልቡን ይዘጋል። እርሱን ጨካኝ ብለን አንጠራውም፤ የደከመ ነው። ግን ድካሙ ለጀማሪዋ ትምህርት ሆኖ መተላለፍ የለበትም። ጅማ የጤና ባለሙያን ከኅብረተሰቡ መካከል አስገብቶ በማስተማር በአገሪቱ የታወቀ ከተማ ነው። ተማሪዎቹ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያና ወደ መንደር ወጥተው፣ ቤት ለቤት ሄደው፣ ቡና ተጠርተው ሰው ማዳመጥን ይማራሉ። ያንኑ ይዘው ዋርድ ሲገቡ የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርታቸው «አታስለምጂብን» ከሆነ አራት ዓመት የተደከመበት በአንድ ቃል ይፈርሳል።

እንግዲህ ትችት እንዴት ይነገር? ለበሽተኛ በማይሰማ ቦታ፣ ከሁለት ሰው በማይበልጥ መካከል፣ ስለተጓደለው ሥራ እንጂ ስለ ጠባይ ሳይሆን። «ስሜታዊ ነሽ» ማንም የማያርመው ቃል ነው። «የአልጋ 3 እና 5 የ4 ሰዓት መድኃኒት 50 ደቂቃ ዘገየ» ግን ይታረማል። የተተቸችውም «የትኛው ሥራ ጎደለ?» ብላ ትጠይቅ። የጎደለ ከተነገራት «ልክ ነሽ» ብላ ታርም። የሚጠቀስ ከሌለ ነገሩ ትችት አልነበረም፤ ያኔ ያለ ጠብ፣ ፊት ለፊት «እንግዲያው እቀጥላለሁ» ማለት ይበቃል። የሰማ ሦስተኛ ሰውም አብሮ አይሣቅ። አንድ የሚያግዝ ሰው ካለ ያ ቃል ጉልበት ያጣል።

ትችቱን የሚያበረታው ሌላው ነገር የራሳችን አጻጻፍ ነው። ከአልጋ አጠገብ የሠራነው በወረቀት ላይ አይታይም። «ሳይኮሎጂካል ሳፖርት ተሰጠ» ብለን እንጽፋለን፤ ይህ ዐረፍተ ነገር ምንም አይናገርም፣ ያልሰጠም ሊጽፈው ይችላል። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «ከሌሊቱ 8፡10፦ የቁስል ሕመም 8/10፤ ትራማዶል 50 ሚሊ ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ ተሰጠ። 8፡40፦ ሕመም 3/10፤ በእርዳታ ወደ ግራ ጎኗ ዞረች። ውኃ የማትጠጣው ቤድፓን ለመጠየቅ አፍራ እንደሆነ ተናግራለች፤ ስክሪን ቀርቧል፤ 200 ሚሊ ሊትር ጠጥታለች።» ይህን ያነበበ «ስትጫወት አደረች» አይልም።

በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ መፍጠር ከአራቱ አጀንዳዎች አንዱ ሆኖ ነበር። ጽሑፉ በየኮሪደሩ ተለጥፏል። የተለጠፈው ነገር በሥራ ምደባና በቻርት ላይ ቦታ ሳያገኝ ሲቀር ግን የሚያደርገው ሰው ብቻውን ይቆማል። ስለዚህ ከኃላፊዎቻችን የምንጠይቀውን በዝርዝር እናስቀምጣለን።

ምደባ በአልጋ ቁጥር መሆኑ ይቅር። «አንቺ ከ1 እስከ 8፣ አንተ ከ9 እስከ 16» ሲባል ኦክስጅን ላይ ያሉ ሦስት፣ ራሳቸውን የማያውቁ ሁለት ሰዎች አንዷ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። በዱቲው መጀመሪያ የዋርድ ኃላፊዋ በሽተኞቹን ከባድ፣ መካከለኛ፣ ቀላል ብላ ትለይና ከባዶቹን ታከፋፍል፤ 5 ደቂቃ ይበቃታል።

ርክክብ ከጠረጴዛ ወደ አልጋ ይሂድ። ወጪዋና ገቢዋ ነርስ በአልጋው ግራና ቀኝ ይቁሙ፤ በሽተኛውን በስሙ ሰላም ይበሉ፤ ካኑላው ያለበት ቦታ አብጦ ወይም ቀልቶ እንደሆነ ይዩ፤ የግሉኮሱን ጠብታ ይቁጠሩ (1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ታዞ፣ ቱቦው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ በደቂቃ 42 ያህል ነው)፤ ፋሻውን፣ የሽንት ከረጢቱን ይመልከቱ፤ ሕመሙን ይጠይቁ፤ በመጨረሻ «ያሳሰበው ነገር» ተብሎ አንድ ዐረፍተ ነገር ይተላለፍ። ሌሎች ሊሰሙት የማይገባ ምርመራ ወይም ውጤት ግን እዚያ አይነሣ፤ እርሱ በጠረጴዛ ላይ ይነገር። ለአንድ አልጋ 2 ደቂቃ፣ ለ15 አልጋ ግማሽ ሰዓት ነው። የት እንደሚሰናከልም እናውቃለን፦ ሰርቪሱ ውጭ ቆሞ ጥሩምባ ሲነፋ ርክክቡ ወደ «ሁሉም ስቴብል ነው» ይጠቀለላል። የሰርቪስ መነሻ ሰዓት በ30 ደቂቃ ካልተገፋ ይህ ጥያቄ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ይህን ማድረግ የሚችለው አስተዳደሩ ነው፤ እኛ አንችልም።

«የወሩ ምርጥ ነርስ» ብሎ ፎቶ መለጠፍን እንድትተውት እንለምናለን። በጎ ታስቦበት ነው፤ ሥራው ግን አንዷን ከሌሎቹ መነጠል ነው፤ «ለታይታ ነው» ለሚሉትም ማስረጃ ይሰጣል። በእርሱ ምትክ ሁሉም ነርስ ለሁሉም በሽተኛ በየዱቲው የሚያደርገው ትንሽ ነገር ይወሰን፦ በስም ሰላም ማለት፣ ሕመም ጠይቆ መጻፍ፣ ከመሄድ በፊት «ሌላ የሚፈልጉት አለ?» ማለት። ሁሉም ካደረገው አስለማጅ የሚባል ሰው አይኖርም።

ሞት ሲያጋጥምም የምንለው አለ። ሬሳው በሌሎች በሽተኞች ፊት ሳይሸፈን አይገፋ። ለቤተሰቡ ኮሪደር ላይ አይነገር፤ ትንሽም ብትሆን በር ያላት ክፍል ትፈለግ፤ ሙስሊም ከሆነ አጣቢዎቹ ሳይዘገዩ እንዲረከቡት ወረቀቱ ይፋጠን። በቀጣዩ አልጋ ያለው በሽተኛ ሁሉን አይቷል፤ ሄዶ ሁለት ቃል ማናገር የማን ሥራ እንደሆነ በዱቲው ይታወቅ። ሟቹን ስታስታምም የነበረችው ነርስም ፊቷን ታጥባ፣ ውኃ ጠጥታ እስክትመለስ 10 ደቂቃ አንድ ሰው ይተካት። «ትለምጂዋለሽ» አትባል።

የመጨረሻው ጥያቄያችን ወንበር ነው። ቆሞ የሚያናግርና ተቀምጦ የሚያናግር ሰው እኩል ደቂቃ ቢቆዩ እንኳ የተቀመጠው ረዘም ያለ ጊዜ እንደሰጠው ነው በሽተኛው የሚሰማው። አልጋው ላይ መቀመጥ ግን አይቻልም፤ ቁስሉን ያናውጣል፣ ተሕዋስያንንም ከአልጋ ወደ አልጋ ያዛውራል። ለየ6 አልጋው አንድ፣ መደገፊያ የሌለው፣ በ0.5 በመቶ ክሎሪን ሊጠረግ የሚችል የፕላስቲክ በርጩማ ይገዛልን። አስታማሚ እንዳይወስደውም «የነርስ» ተብሎ ይጻፍበት። ይህን ያህል ወጪ የትኛውም ሆስፒታል አያቅተውም ብለን እናምናለን፤ የአልጋ ዳር ርክክቡንም በአንድ ዋርድ ለአንድ ወር ለመሞከር ፈቃደኛ የሆናችሁ ኃላፊዎች ካላችሁ፣ የዘገየ መድኃኒት፣ የተበላሸ ካኑላና አዲስ የተገኘ የአልጋ ቁስል በየሳምንቱ እየቆጠርን ውጤቱን ለማቅረብ እኛ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
በጅማ በተኝቶ ሕክምና ክፍሎች የምንሠራ ነርሶች